የአያት ጠመንጃ ወይስ የሻጭ ወሬ? ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎችን ለሚሰበስብ ሰው

አሜሪካ ውስጥ በአሮጌ የጦር መሣሪያ ሰብሳቢዎች ገበያ ባለፉት ዓመታት አንድ ለየት ያለ ዕቃ በብዛት ታይቷል፤ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች ወጥተው ፈቃድ ባላቸው አስመጪዎች የገቡ ጠመንጃዎች። የፈረንሳይ ውጅግራ፣ የጣሊያን ቬተርሊና ካርካኖ፣ የቤልጅግና የጀርመን ማውዘር፣ የእንግሊዝ ኤንፊልድ። አንዳንዱ አንገቱ ላይ በጠፍር ተሰፍቷል፣ አንዳንዱ ሰደፉ ላይ የባለቤቱ ስም በፊደላችን ተቀርጾበታል። ዋሽንግተን፣ ዳላስ ወይም ሲያትል ለሚኖር አማርኛ አንባቢ ይህ ሌላው ሰብሳቢ የሌለው ዕድል ነው፤ ሌላው "የማይታወቅ ጽሕፈት" ብሎ የሚያልፈውን እርስዎ ያነቡታል። ዕድሉ ግን ወጥመድም አለበት። አገሩን የሚወድ ገዥ ቶሎ ያምናል። ሻጩ "የአድዋ ነው" ሲል ልብ ቀድሞ ይከንፋል፣ ዓይን ወደ ኋላ ይቀራል። እዚህ የምጽፈው ዓይንን ለማስቀደም ነው።

መጀመሪያ ሕጉ

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ሁሉን የሚለየው ዓመት 1898 ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ "ዓ.ም." ያልተባለበት ዓመት ሁሉ፣ ከኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃ "ጥንታዊ" ይባላል፤ በፌዴራሉ ሕግ ዓይን እንደ ተራ የጦር መሣሪያ ስለማይቆጠር ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ካልሆነ አይሸጥም የሚል ግዴታ የለበትም። ለፈረንሳይ ጦር የተሠሩት ውጅግራዎችና የጣሊያን ቬተርሊዎች እዚህ ይገባሉ። ከ1898 በኋላ የተሠራ ሆኖ 50 ዓመት የሞላውና ከመጀመሪያ መልኩ ያልተለወጠው ደግሞ የሰብሳቢ ቅርስ ተብሎ በሌላ ደንብ ይታያል።

ይህን ሁለተኛውን ዓይነት አዘውትረው የሚገዙ ከሆነ የሰብሳቢ ፈቃድ ያውጡ። ዓይነት 3 ይባላል፤ ዕድሜዎ 21 ሊሆን ይገባል፣ ክፍያው ለሦስት ዓመት 30 ዶላር ነው፣ ከሌላ ስቴት የገዙትንም የስቴትዎ ሕግ ከፈቀደ በቀጥታ ቤትዎ ለመቀበል ያስችላል። በምላሹ የገባውንና የወጣውን እያንዳንዱን ጠመንጃ በመዝገብ ይጽፋሉ፤ ቢሰረቅብዎ በ48 ሰዓት ውስጥ ያስታውቃሉ። ፈቃዱ ለመሰብሰብ እንጂ እየገዙ ለመቸርቸር አይደለም፤ መነገድ የፈለገ ሌላ ፈቃድ አለው።

እዚህ ላይ ስደተኛ አንባቢ ቆም ይበል። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በጊዜያዊ ሠራተኛ ቪዛ የገባ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ጠመንጃም ጥይትም መያዝ በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። ግሪን ካርድ ያለው ይችላል። ጉዳይዎ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ከሻጭ ሳይሆን ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቁ፤ በጦር መሣሪያ ጉዳይ የሚመጣ የወንጀል ፍርድ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። የስቴት ሕግም ለየብቻ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ቀላል የሆነው ኒው ጀርሲ ወይም ዲሲ ሲደርስ ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል፤ "ጥንታዊ" የሚለው የፌዴራል ትርጉም በሁሉም ስቴት በእኩል አይሠራም።

የአያትዎን ጠመንጃ ከገጠር አምጥቼ ግድግዳ ላይ ልስቀል ብለው አስበው ከሆነ ይተዉት። ኢትዮጵያ ውስጥ መሣሪያ መያዝና ማዘዋወር በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይገዛል፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ጠመንጃው ዘመዶችዎ ዘንድ በሕጋዊ ፈቃድ ካለ እዚያው ይኑር፤ እርስዎ ፎቶውንና ታሪኩን ይሰብስቡ።

በእጅ ከመያዝ በፊት

የትኛውም ጠመንጃ የጎረሰ ነው ብለው ይነሡ። አፈሙዙን ሰው ከሌለበት አቅጣጫ ያዙሩ፣ ጣትዎን ከምላጩ ያርቁ፣ ቦልቱን ይክፈቱ፣ ጥይት የሚጎርስበትን ቤት በዓይንም በጣትም ይፈትሹ። እንደ ፈረንሳዩ ሌበል በርሜሉ ሥር ቱቦ ካዝና ያለው ከሆነ ቱቦውንም ይመልከቱ፤ እዚያ ውስጥ የተረሳ ጥይት ቦልቱ ሲመላለስ ይመጣል።

ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ጥሩ የእጅ ባትሪ፣ አጉሊ መነጽር፣ ሜትር፣ ማስታወሻ ደብተርና ስልክ ይበቃሉ። ማኅተም ሲያነቡ ባትሪውን ፊት ለፊት አያብሩት፤ ከጎን ሲያበሩት የተበላው ጽሑፍ ጥላ ይጥልና ይነበባል።

ከየት መጡ?

ለጀማሪ ምክሬ አንድ ነው፤ ካገኙት ሁሉ አይግዙ፣ አንድ መስመር ይያዙ። ሁሉንም የሚገዛ ሰው አንዱንም አያውቅም። መስመር ለመምረጥ ግን ጠመንጃዎቹ ኢትዮጵያ እንዴት እንደደረሱ በጥቂቱ ማወቅ ይጠቅማል።

ጥንታዊውን የሚፈልግ በግብፅ ሬሚንግተን ሊጀምር ይችላል። የአጼ ዮሐንስ ጦር የኬዲቭ እስማኤልን ጦር በኅዳር 1875 ጉንደት፣ በመጋቢት 1876 ጉራ ላይ ሲያሸንፍ የማረከው የአሜሪካኑን ፋብሪካ ሬሚንግተን ነበር። በአንድ ጥይት የሚሠራ፣ የኋላ ክዳኑ እንደ ጥቅል ወደ ኋላ የሚገለበጥ ጠመንጃ ነው፤ የዐረብኛ ቁጥር ወይም ጽሑፍ ሊታይበት ይችላል።

ውጅግራ ሞዴል 1874 የፈረንሳዩ መኮንን ባዚል ግራ ቀድሞ የነበረውን የሻስፖ ጠመንጃ የብረት ቀለህ እንዲጎርስ አድርጎ ያሻሻለው ነው። 11 ሚሊሜትር፣ አንድ ጎራሽ። በርሜሉ ላይ የተሠራበት ዓመትና የፋብሪካው መለያ አለ፤ ኤስ ለሴንት ኤትየን፣ ሲ ለሻቴልሮ፣ ቲ ለቱል። ለጀማሪ የምመርጠው ይህን ነው፤ በብዛት አለ፣ ማኅተሙ ግልጽ ነው፣ ሕጉም ይቀላል።

ቬተርሊ-ቪታሊ ቀድሞ በ1870 አንድ ጎራሽ ሆኖ ተሠራ፤ ከ1887 ጀምሮ የቪታሊ አራት ጥይት የሚይዝ ካዝና ተገጠመለት። 10.4 ሚሊሜትር ነው። የፋብሪካው ስም፣ ቶሪኖ፣ ብሬሺያ፣ ተርኒ ወይም ቶሬ አኑንዚያታ፣ ከነዓመቱ በርሜሉ ጀርባ ባለው ማዕዘናማ ክፍል ላይ ይነበባል። ካርካኖው የ1891 ሞዴል ነው፤ 6.5 ሚሊሜትር፣ ስድስት ጥይት በአንድ ማቀፊያ የሚጎርስ። ኢትዮጵያ ውስጥ የበዛው በ1928 ዓ.ም. ወረራና በአምስቱ ዓመት የአርበኞች ዘመን በተማረከው፣ ከዚያም በ1941 የጣሊያን ጦር እጁን ሲሰጥ በቀረው ምክንያት ነው።

ማውዘሮቹ የተለየ ክብር አላቸው፤ ማርከን ሳይሆን ገዝተን ያገኘናቸው ናቸውና። የቤልጅጉ ፋብሪክ ናስዮናል የሸጣቸው 7.92 ሚሊሜትር ጠመንጃዎች የክብር ዘበኛን ያስታጠቁ ነበሩ። ሂትለርም ሙሶሊኒን አውሮፓ ውስጥ እንዳያስቸግረው አፍሪካ ላይ ለማሰር ሲል ወደ 10,000 የሚጠጋ ማውዘር ከነጥይቱ ለኢትዮጵያ በድብቅ አቅርቧል፤ ይህን ሲሰሙ ብዙ ሰዎች አያምኑም፣ ግን የተመዘገበ ታሪክ ነው። ከማውዘሮቹ የይሁዳ አንበሳ ወይም የዘውድ ምልክት የታተመባቸው አሉ፤ ዋጋቸውም የዚያኑ ያህል ነው። ኤንፊልዶቹ ከእንግሊዝ ጋር፣ የአሜሪካኖቹ ደግሞ ከ1953ቱ የወታደራዊ ርዳታ ስምምነት ጋር መጡ።

ብረቱን ማንበብ

ቦልቱ የሚመላለስበትንና በርሜሉ የሚጠመቅበትን ዋና ብረት ከዚህ በኋላ "ገላ" እለዋለሁ። ምርመራዎን ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ያድርጉ፤ የሠሪው ማኅተም፣ ዓመቱ፣ መለያ ቁጥሩ፣ ከዚያ በኋላ የተጨመረ ምልክት። ሻጩ የሚያወራውን ከዚያ በኋላ ይስሙ።

ዓመቱ የት እንደተጻፈ ልብ ይበሉ። ካርካኖ ላይ ፋብሪካውም ዓመቱም በርሜሉ ላይ ነው፤ በርሜል ደግሞ ይቀየራል። ስለዚህ በርሜሉ "1896" ስላለ ብቻ ጠመንጃው ጥንታዊ ነው ብሎ መሟገት አያዋጣም፤ ሕጉ የሚያየው ገላው የተሠራበትን ጊዜ ነው። የእንግሊዙን ኤንፊልድ ሲያነሡ ዓመቱን ሰደፉ አንገት ላይ ካለው የብረት ቀለበት በስተቀኝ ይፈልጉት፤ ዘውድና የንጉሡ ምልክት አብረውት አሉ።

በፋሽስት ዘመን የተሠራ ካርካኖ ከተለመደው ዓመት ሌላ የሮማ ቁጥር ሊኖረው ይችላል። ሙሶሊኒ ዘመኑን የቆጠረው ከጥቅምት 1922 መጨረሻ ጀምሮ ነው። አሥራ አራተኛው ዓመት ከጥቅምት 1935 እስከ ጥቅምት 1936 ድረስ ነው፤ አሥራ ስምንተኛው ከ1939 እስከ 1940። ይህ ቁጥር ብዙ ወሬ ያስቀራል። በ1938 የወጣውን አጭር ካርካኖ ይዞ "ማይጨው ላይ የተማረከ" የሚል ሻጭ ቢያጋጥምዎ፣ የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማለትም በ1936 እንደነበር አስታውሰው በትሕትና ያልፉታል።

መለያ ቁጥሮች ደግሞ ጠመንጃው አንድ ሆኖ መኖሩን ይነግራሉ። ውጅግራ ላይ አንድ ፊደልና ቁጥር በርሜሉ፣ ቦልቱ፣ እንጨቱ ላይ ይደጋገማል። ሁሉም ከገጠመ ጠመንጃው ፋብሪካውን ሲለቅ እንደነበረ ነው። ከኢትዮጵያ በመጡት ላይ ሙሉ በሙሉ የሚገጥም ብርቅ ነው፤ አሥርት ዓመታት ግምጃ ቤት ውስጥ ሲፈቱና ሲገጣጠሙ ቦልቶች ተቀያይረዋል። አለመግጠሙ ጉድለት ቢሆንም ውሸት አይደለም። ውሸት የሚሆነው እንዲገጥም ተብሎ ሲታተም ነው። የድሮው ቁጥር በርሜሉ ላይ ተበልቶ ሳለ ቦልቱ ላይ ያለው አዲስና ስለታም ከሆነ፣ የቁጥሮቹ ቅርጽ ካልተመሳሰለ፣ ወይም ብረቱ ቁጥሩ ዙሪያ ተሞርዶ ጎድጎድ ካለ ይጠርጥሩ። ካርካኖ ላይ ግን ቦልቱ ቁጥር ባይኖረው አይደንግጡ፤ ጣሊያኖች ቦልቱን አይቆጥሩትም ነበር። "ሁሉም ቁጥር የገጠመ ካርካኖ" ብሎ ቦልቱን እያሳየ የሚያስወድድ ሻጭ ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል።

መለያ ቁጥሩ ተሞርዶ የጠፋ ዘመናዊ ጠመንጃ ግን፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ እጅዎ አይንካው። እሱ የሰብሳቢ ጉዳይ ሳይሆን የወንጀል ጉዳይ ነው።

ከ1968ቱ ሕግ በኋላ ወደ አሜሪካ የገባ፣ ጥንታዊ ያልሆነ ጠመንጃ የአስመጪውን ስም፣ ከተማና ስቴት በትንንሽ ጽሑፍ ይይዛል፤ በርሜሉ ሥር ወይም ገላው ላይ ይፈልጉት። እዚያ የሚጻፈው አገር የተሠራበት እንጂ የመጣበት አይደለም፤ ከአዲስ አበባ የተጫነ ካርካኖ "ጣሊያን" ይላል። ስለዚህ ጠመንጃው ከኢትዮጵያ መምጣቱን የሚያስረዳልዎ ማኅተሙ ብቻ ሳይሆን የአስመጪው ደረሰኝ ነው። 1917 የታተመበት ካርካኖ ምንም የአስመጪ ምልክት ሳይኖረው "በቅርቡ ከኢትዮጵያ የገባ" ከተባለ ነገሩ አይገጥምም። ውጅግራ ላይ ምልክቱ ባይኖር ግን ጥንታዊ ስለሆነ አያስደንቅም። ጎን ለጎን እንጨቱን የፊተኛው ቀለበት ሥር ይመልከቱት፤ እዚያ ላይ በመጋዝ ተቆርጦ እንደገና ከተጣበቀ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ወታደር በሻንጣው እንዲገባለት ቆርጦ ያመጣው ሊሆን ይችላል፤ የጉዞ መንገዱ በአውሮፓ እንጂ በጅቡቲ አይደለም ማለት ነው።

"የአድዋ ነው" ሲባል

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው። ዓመትን ማየት ብቻ አይበቃም፤ አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፣ ማለትም ማርች 1 ቀን 1896፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃ ሺህ በሺህ አለ። ጠመንጃው ከዚያ በኋላ የት እንደነበር የሚናገሩትን ምልክቶች ማንበብ ያስፈልጋል።

ከቬተርሊው እንጀምር። የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲየሪ ጦር አድዋ ላይ በአብዛኛው የያዘው ቬተርሊ-ቪታሊ ነበር፤ ስለዚህ በ1880ዎቹ ቶሪኖ ውስጥ የተሠራ ቬተርሊ ለጥርጣሬ አይገባም፣ ይቻላልና። ነገር ግን ጣሊያን አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ ጠመንጃ አጠራት፤ በ1915 እና 1916 የቆዩትን ቬተርሊዎች ሰብስባ በርሜላቸው ውስጥ ሌላ ቀጭን በርሜል እየሰካች በካርካኖ ጥይት 6.5 ሚሊሜትር እንዲተኩሱ አደረገቻቸው። ካዝናውም ተቀየረ። በአፈሙዙ በባትሪ ሲያዩ ወፍራሙ በርሜል ውስጥ ሁለተኛ ቀለበት ከታየዎ ያ ጠመንጃ በ1915 ጣሊያን ውስጥ ነበረ። አድዋ ላይ የተማረከ ቢሆን ኖሮ እዚያ አይገኝም ነበር። በርሜሉ ላይ 1884 ቢልም፣ አንገቱ ላይ ጠፍር ቢጠቀለልበትም፣ ነገሩ አልቋል፤ ኢትዮጵያ የገባው በኋላ ነው።

በዚህ መንገድ ውጅግራም ይፈተናል። ፈረንሳይ በአንደኛው ጦርነት ከውጅግራዎቿ አንዳንዶቹን አዲስ በርሜል አግብታ የሌበልን 8 ሚሊሜትር ጥይት እንዲተኩሱ ለውጣለች፤ በስሙ መጨረሻ "ኤም 14" የሚል ይጨመርበታል። እሱም በ1914ና ከዚያ በኋላ ፈረንሳይ ነበር። የሌበል ጠመንጃ ሲሆን ደግሞ በርሜሉ ላይ ወይም ገላው ላይ "ኤን" የምትል አንዲት ፊደል ይፈልጉ፤ ከ1932 ወዲህ ለአዲሱ ጥይት ተብሎ የተሻሻለ ማለት ናት። እሷ ያለችበት ሌበል ከዚያ በፊት ኢትዮጵያ አልኖረም። አጭሩ ካርካኖ 91/24 የሚባለው ደግሞ ከ1924 በኋላ ከረጅሙ ተቆርጦ የተሠራ ነው፤ በርሜሉ ላይ 1894 የሚል ካገኙ ሻጩ ቀድሞ ደስ ይለዋል፣ ጠመንጃው ግን እስከ 1920ዎቹ የጣሊያን ጦር ይዞት ነበር።

እነዚህ ምልክቶች "አይደለም" ለማለት ያገለግላሉ። "ነው" ለማለት ግን ከብረቱ ውጭ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የቤተሰብ መዝገብ፣ የቆየ ፎቶግራፍ፣ ያልተቋረጠ የባለቤትነት ሰንሰለት። ያልተለወጠ፣ ቀኑ የሚፈቅድ ቬተርሊ "ከአድዋ ሊሆን የሚችል" ተብሎ ሊገዛ ይችላል፤ በዚያ ዋጋ እንጂ በአድዋ ዋጋ አይደለም።

ፊደሉና እንጨቱ

አሁን ከሌላው ሰብሳቢ የሚበልጡበት ቦታ ላይ ደረስን። ሰደፍ ላይ የሚቀረጸው ብዙውን ጊዜ የሰው ስም፣ መስቀል ወይም ቁጥር ነው። ቁጥሩ የግዕዝ ከሆነ ያንብቡት፤ ፲፱፻፳፰ 1928 ዓ.ም. ነው፣ ለአውሮፓው ሰባት ወይም ስምንት ይጨምሩ። ነገር ግን ያገኙት ቁጥር ሁሉ ዓመተ ምሕረት አይደለም፤ ፬፻፲፪ የግምጃ ቤት ተራ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ሰደፉ ላይ ተደርድረው የተቆረጡትን ጭረቶች "እያንዳንዱ አንድ ግዳይ ነው" የሚል ሻጭ አይጠፋም። ጭረቱ የእረኛ ልጅ በቢላ የሠራውም ሊሆን ይችላልና ለጭረት ገንዘብ አይጨምሩ።

ቅርጹ አዲስ መሆኑን እንጨቱ ራሱ ይናገራል። ለዓመታት የእጅ ላብ፣ ቅባትና ጭስ የገባበት ሰደፍ ላይ የቆየ ቅርጽ ውስጡም ጠርዙም እንደ ቀረው እንጨት ጠቁሯል፣ ጠርዙም ተልሷል። ከትናንት ወዲያ የተቀረጸው ውስጡ ነጭ ነው፤ ሻጩ ጥቁር ቀለም ቢቀባበትም ለአዲስ ጀበና ጥላሸት እንደ መቀባት ነው፣ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ቀለሙ ጥጉ ላይ ተጠራቅሞ ይገኛል። የፊደሉም ቅርጽ ይመርመር። በእጅ በቢላ የተቀረጸ ፊደል ወፍራምና ቀጭን፣ ዘመም ያለ ነው፤ የኮምፒውተር ፊደል ያስመሰለ፣ ሁሉም እኩል ቁመትና እኩል እግር ያለው ጽሑፍ ጥርጣሬ ይገባዋል። የ"ሀ"ና የ"ሐ" መቀያየር ግን ምንም አያስረዳም፤ ከጥንት ጀምሮ እንደተቀያየረ ነው። ቅርጹና ብረቱ መጣላታቸውንም ይዩ፤ በ1917 የታተመ ካርካኖ ላይ ፲፰፻፹፰ ተቀርጾ ካገኙ አንዱ ዋሽቷል፣ ብረቱ ደግሞ አይዋሽም።

ጥገናውን ያክብሩ። አንገቱ የተሰበረ ሰደፍ በእርጥብ ቆዳ ተሰፍቶ ሲደርቅ ብረት ሆኖ ይይዘዋል፤ በቆርቆሮ የተለበጠ፣ በሽቦ የተጠመጠመ፣ በናስ ምስማር የተያዘም አለ። አሜሪካዊ ገዥ ይህን ፈቶ "ለማስተካከል" ይቸኩላል። ለእኔ ጠመንጃው ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩን የሚያስመሰክር ከሁሉ የበለጠ ምልክት ይህ ነው፤ ማኅተሙ የአውሮፓ ነው፣ ስፌቱ የእኛ ነው። እነዚህ ዕቃዎች በአገር ሙዚየም ተመርጠው ቢቀሩ ኖሮ የሚል ቁጭት አለኝ፤ ከወጡ በኋላ ግን ቢያንስ ሳይፈቱ ይኑሩ።

የባለቤት ስም ካነበቡ ለራስዎ ይመዝግቡት እንጂ ፎቶውን ወዲያ ወዲህ አይበትኑት። የልጅ ልጆች ይኖሩታል።

የተነካካ ጠመንጃ

ሻጭ አሮጌን አሳምሮ የሚያስወድድባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። እንጨቱ በአሸዋ ወረቀት ከታሸ የፋብሪካው ክብ ማኅተም ደብዝዟል፣ ብረትና እንጨት የሚገናኙበት ቦታ ላይ እንጨቱ ከብረቱ ዝቅ ብሏል። ብረቱ እንደገና ጠቁሮ ከተቀባ የዝገት ጉድጓዶቹ በአዲሱ ጥቁረት ውስጥ ይታያሉ፣ የፊደላት ጠርዝ ለስልሷል፣ የብሎን ቀዳዳ አፍ ተንጋድዷል። የአንበሳ ማኅተም ላይ በተለይ ይጠንቀቁ፤ ገንዘብ የሚያመጣ ምልክት ሐሰተኛም ያመጣል። እውነተኛ ማኅተም ሲመታ ብረቱን ስለሚገፋ ከዙሪያው ብረት ጋር አብሮ ያረጃል። ጥልቁ ውስጥ ብሩህ ብረት ካለ ወይም የዝገት ጉድጓድ ላይ ተነጥፎ ከተመታ አዲስ ነው።

ሲገዙ

በአካል አይተው የሚገዙ ከሆነ ጥሩ። ከሩቅ የሚገዙ ከሆነ የማኅተሙን፣ የእያንዳንዱን ቁጥር፣ የአንገቱን ሁለት ጎን፣ የአፈሙዙንና የውስጥ በርሜሉን ፎቶ ይጠይቁ፤ መስጠት ያልፈለገ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል። የኢትዮጵያ ጠመንጃ ዝገት፣ የጠፋ ብሎንና የተሰነጠቀ እንጨት እንዳለበት አስቀድመው ይቀበሉ፤ "ተመርጦ ይላክ" ብሎ ተጨማሪ መክፈል ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ደረሰኙን፣ የሻጩን መግለጫና ፎቶዎቹን ከጠመንጃው ጋር ያስቀምጡ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ዋጋውን የሚያስከብሩት እነሱ ናቸው።

መተኮስ ለሚያምረው

ባይተኩሱ ይሻላል። ካልቻሉ ግን ጥንታዊ መሣሪያ የሚያውቅ የጠመንጃ ባለሙያ የጥይት ቤቱን ልኬት በመለኪያ ሳያረጋግጥና በርሜሉን ሳይመረምር አንድም ጥይት አያጉርሱ። ወደ 6.5 የተለወጠውን ቬተርሊ ፈጽሞ አይተኩሱት፤ ገላው ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ስለሆነ የካርካኖን ግፊት መሸከሙ አስተማማኝ አይደለም።

አያያዝ

የመጀመሪያው ሥራ ማጽዳት ሳይሆን መመዝገብ ነው። ከሳጥኑ እንደወጣ ሁሉንም ጎን ፎቶ ያንሱ፣ ቁጥሮቹን ይጻፉ። የኮስሞሊን ቅባት ካለበት በነጭ ጋዝና በጨርቅ ይጥረጉ እንጂ እንጨቱን አይንከሩ። ቀይ ዝገት በጣም በደቀቀ የብረት ሱፍና በቀጭን ዘይት ቀስ ብሎ ይለቃል፤ የሚሽከረከር የብረት ብሩሽና የአሸዋ ወረቀት ግን ከቤትዎ ይውጡ። ጥቁረቱ የዕድሜው ነው፣ አይላጥ። ብረቱን ሲጨርሱ ሙዚየሞች የሚጠቀሙበትን ደቃቅ ሰም በስሱ ይቀቡት።

ጠፍሩን ዘይት አያስነኩት፤ ይለሰልስና ስፌቱ ይላላል። የናስ ምስማሩ ከቆዳው ጋር ሆኖ ያወጣውን አረንጓዴ ዝገት በእንጨት ስንጥር ያንሱት። ጠመንጃውን በቆዳ ወይም በስፖንጅ ማስቀመጫ ውስጥ ዘግተው አያኑሩ፤ እርጥበት ይይዛል። የአየሩ እርጥበት 50 በመቶ ገደማ የሆነ፣ ልጆች የማይደርሱበት፣ የሚቆለፍ ካዝና ይበቃል። ጥይቱን ለብቻ በሌላ ቁልፍ ያስቀምጡ። በየስድስት ወሩ አውጥተው ሰሙን ይመልከቱ፣ አንገቱ ላይ ያለው ስንጥቅ አለማደጉን በመጀመሪያ ካነሡት ፎቶ ጋር ያስተያዩ፤ ካደገ ቀኑን መዝገቡ ላይ ይጻፉና ጠመንጃውን በአፈሙዙ ከማቆም ይልቅ ያጋድሙት።